ቡናማ ሳይሆን በፊት

ውድ ጓደኛዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

ደብዳቤሽ መልስ ሳያገኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ሰበብ አልደረድርም። መጀመሪያ ሰነፍኩ፣ ከዚያ አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ዝምታው ረዘመ። ሰሞኑን ግን ካንቺ ጋር ካላወራሁት የማይሆንልኝ ነገር ገጠመኝ።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ21 ዓመቱ የሳላት የአርኖ ወንዝ ሸለቆ ስዕል ትዝ ትልሻለች? ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ያለችው። ከአንድ ኤፎር ወረቀት ታንሳለች። ፎቶዋን አጉልቼ ሳያት ሰነበትኩ። ግራ ጥጉ ላይ ቀኑን ጽፎባታል፤ የካቶሊኮች የበረዶዋ ማርያም በዓል ዕለት፣ ኦገስት 5 ቀን 1473። (በዚያ ሙቀት በረዶ!) ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ መስታወት ይፈልጋል። ግራኝ ነበራ።

ያኔ ስለ መስመሮቿ «ልቤን የወሰደው ቡናማው ነው» ብለሽኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ቡናማውን ያመጣው ዘመን ነው። የዚያ ጊዜ የጽሕፈት ቀለም የሚጀምረው ከተርብ ነው። ተርቧ ኦክ ዛፍ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ዛፉም በዙሪያው ያብጣል። እባጩ ተወቅጦ ይዘፈዘፋል፤ የብረት ሰልፌት ይጨመርበታል፤ እንዲይዝ ደግሞ የግራር ሙጫ። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ፈዛዛ ነው። አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ቡናማ የሚሆነው ብዙ ቆይቶ ነው። ሊዮናርዶ ያየው ጥቁሩን ነው ማለት ነው! ክፋቱ፣ ቀለሙ አሲድ አለው። መስመሩ በወፈረበት ቦታ ወረቀታቸው ተበልቶ የተቀደደ ስንት የድሮ ስዕሎች አሉ መሰለሽ።

ወረቀቱ ከአሮጌ ጨርቅ የተሠራ ነው። ጨርቁ ተቀጥቅጦ በሽቦ ወንፊት ይወጣል፤ ቀለም እንዳይመጠው ከእንስሳት ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይነከራል። እኔን ያስቀናኝ ግን ብዕሩ፣ ላባው ነው። የዝይ ላባ ጫፉ ስለሚሰነጠቅ ጫን ሲሉት መስመሩ ይወፍራል፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ይቀጥናል። በስተቀኝ ያሉትን ዛፎች እይልኝ፤ አንድም ቅጠል አልሳለም። እጁን ቶሎ ቶሎ እያመላለሰ ሰረዝ በሰረዝ አደረጋቸው፣ ነፋስ ገባባቸው። ላጲስ የለ፣ መመለስ የለ። እኔ ብሆን ፏፏቴው ጋ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ በዚያው ዓይነት ቀለም ነው፤ ፈልጌ ገዛሁት። አሁን እያየሁት ፈዛዛ ነው። አንቺ ጋ ሲደርስ ይጠቁራል። ቡናማ ሳይሆን በፊት መልስ ጻፊልኝ።

ያንቺው