ኮምፒውተሩ ገባ፣ መዝገቡ ግን አልወጣም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ የጤና መረጃ መሰብሰቢያ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የየቤተሰቡ ጤና የሚመዘገብበትን የወረቀት የቤተሰብ ማኅደር የሚተካ የታብሌት መተግበሪያ ተዘጋጅቷል። ደግ ሥራ ነው። ገምጋሚ ሲመጣ ግን የሚጠይቀው ስንት ታብሌት እንደታደለና ሪፖርቱ በጊዜው መግባቱን ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ በወረቀት እንጽፋለን፤ ሲመጣ ያንኑ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። ባለፈው የአንዲትን ነፍሰ ጡር የቀድሞ የደም ግፊት ልኬት ሁለቱም ቦታ ፈልጌ ያገኘሁት ከወረቀቱ ነው። እናቲቱ ራሷን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር።

ገምጋሚዎች፣ እባካችሁ አንድ ቀን ሙሉ ካርድ ክፍል ተቀመጡ። ታካሚው ስንት ደቂቃ እንደቆመ፣ አንዱ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሩልን።

ነርስ፣ ከሰሜን ሸዋ