ስለ ብሌድ ክብደት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ብሌድ፣ ማለትም ጎማ የሚለጠፍበትን የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት እንጨት፣ ስታዙ ትክክለኛ ግራም ጠቅሶ መምረጥ መቅረቱን ካሳወቅን ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶናል። አንዳንዱ ጥያቄ ነው፣ አንዳንዱ ቁጣ። «አልሸጥ ያላችሁን ልታሸክሙን ነው» ያለን ደንበኛም አለ። ይህን የጻፈው ለዓመታት የራኬቱን ጎማ እኛ ጋ ሲያስለጥፍ የኖረ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር አመመኝ። ማስታወቂያው አጭርና ድንገተኛ ስለሆነባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን እንዳለ ይቆያል። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳችሁ።

እኔ ነጋዴ ከመሆኔ በፊት ተጫዋች ነበርኩ። ከልምምድ በኋላ የጓደኞቼን ጎማ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ፤ ሱቁም የተወለደው ከዚያ ነው። ያኔ የምንጠቀመው ፍጥነት የሚጨምረውን ማስቲሽ ነበር፤ ሽታው ከእጅ አይለቅም። በዚያ ጊዜ ስለ ግራም የሚጠይቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰው ብሌዱን ይይዛል፣ ወዘወዝ ያደርገዋል፣ ኳስ ያነጥርበታል፣ «ይሄ ይሁንልኝ» ይላል።

ከዚያ ጨዋታው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኳሱ ከ38 ወደ 40 ሚሊሜትር አደገ። በ2008 ያ ማስቲሽ ታገደ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ሴሉሎይዱ ቀርቶ የፕላስቲክ ኳስ መጣ። ፍጥነቱም ስፒኑም፣ ማለትም የኳሱ መሽከርከር፣ ቀነሰ። ተጫዋቹ ያጣውን ለማካካስ ከሥሩ ጠንካራና ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጎማ መለጠፍ ጀመረ። ራኬቱ ከበደ። ትከሻና አንጓ መታመም መጣ። ስለዚህ ግራም መቁጠራችሁን አልነቅፍም፣ ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የማልስማማው ፈውሱን ከብሌዱ ብቻ በመፈለጋችሁ ነው።

አስቡት። አንድ ብሌድ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ግራም ይመዝናል። ተቆርጦ የተለጠፈ አንድ ጎማ ከ40 እስከ 50 ግራም ይወስዳል፤ ጠንካራዎቹ ከዚያም ያልፋሉ። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ ብዙ ጊዜ ከብሌዱ ይከብዳሉ። «ከ86 ግራም ውጪ ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ ያዘዘ ሰው፣ በሁለቱም በኩል ከባድ ጎማ አስለጥፎ ራኬቱን 190 ግራም ሲያደርሰው አይቻለሁ። ከዚያ የተወቀሰው ብሌዱ ነው። እሱም ባይሆን እኛ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ባላንሱ ነው። ሁለት ብሌዶች፣ አንድ ዓይነት ሞዴል፣ ሁለቱም 88 ግራም። አንደኛው እጅ ላይ ይቀላል፣ ሌላው ጭንቅላቱ ወደታች ይጎትታል። ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። መዶሻን አንዴ በእጀታው፣ አንዴ በብረቱ በኩል ይዛችሁ አወዛውዙት፤ ያው መዶሻ ነው፣ ግን እጃችሁ ሁለት ዕቃ የያዘ ይመስለዋል። ከእጃችሁ በእጥፍ የራቀ ግራም፣ ራኬቱን ስታዞሩ የሚያሳየው እምቢታ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ እጀታው ላይ ያለ ሦስት ግራም ላይታወቃችሁ ይችላል፤ ጫፉ ላይ ያለ ሦስት ግራም ግን ባክሃንዳችሁን፣ በእጃችሁ ጀርባ በኩል የምትመቱትን፣ ያዘገየዋል። እጀታው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሌድ ሚዛን ላይ ቀላል ሆኖ ይወጣል፤ ጎማ ሲለጠፍበት ግን ባላንሱ በሙሉ ወደ ጭንቅላቱ ይሄዳል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያዘዘ ሰው ይህን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

ስሜቱስ? ያንን ሚዛን ከቶ አያሳየውም። ከላይ ሊምባ የሚባል እንጨት የለበሰ ብሌድ ኳሱን ትንሽ ያቆየዋል፣ ሉፕ ለሚያደርግ፣ ማለትም ኳሱን በኃይል እያሽከረከረ ለሚመታ ሰው ደስ ይላል። ኮቶ የሚባለውን እንጨት የለበሰው ጠንከር ይላል፣ ቶሎ ይለቃል። በእንጨቶቹ መሐል የሚገባው የአሪሌት ካርቦን ቃጫ ሽፋን ከላይኛው እንጨት ሥር ሲሆንና ከመሐለኛው እንጨት ጋር ሲጠጋም ስሜቱ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው በቀስታ ስትመቱ እንደ ተራ እንጨት ይሆንላችኋል። በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ ከበድ ያለው ብዙ ጊዜ እንጨቱ የታመቀ ስለሆነ ትንሽ ይፈጥናል። ኳስ አንጥሩበትና ድምፁን ስሙት። ቀጭን ድምፅ ያለው ደረቅ ነው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ለስለስ ያለ ነው። እኔ እስካሁን ከማንኛውም ቁጥር በላይ የማምነው ይህን ድምፅ ነው።

«ታዲያ ፋብሪካው ለምን እኩል አያደርጋቸውም?» ትሉናላችሁ። እንጨት ስለሆነ ነው። የዓለም ጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከብሌዱ ውፍረት ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት እንዲሆን ያዛል። አንድ የካርቦን ሽፋን ከውፍረቱ 7.5 በመቶ ወይም ከ0.35 ሚሊሜትር፣ ከሁለቱ ከትንሹ፣ መብለጥ የለበትም። ውድ የካርቦን ብሌድ የምንለውም በአብዛኛው ዛፍ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል፤ ዛሬ የመዘንነው በሌላ ወቅት ሌላ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በአንድ ግራም ልዩነት «አጭበረበራችሁን» የተባልንበት ጊዜ አለ። አንድ ግራም የኳሱን ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ኳሱ ራሱ 2.7 ግራም ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። የዕቃው ዋጋ ይጨምራል፣ ማጓጓዣው ይጨምራል፣ ኪራይ ይጨምራል። አምራቾች እንደኛ ላለ ትንሽ ሱቅ ክብደት መርጠው አይልኩም። ካርቶኑ ይመጣል፣ ውስጡ ያለውን መቀበል ነው። ሁሉም 85 እና 86 ብቻ ሲል እነሱ ወዲያው ያልቃሉ፤ 91ዱና 92ቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፣ ገንዘባችንም አብሯቸው ይታሰራል። ይህ ለውሳኔው አንዱ ምክንያት መሆኑን አልደብቃችሁም። ሌላው መንገድ በሁሉም ብሌድ ላይ ዋጋ መጨመር ነበር፤ ያንን ደግሞ ጀማሪው ልጅ ጭምር ይከፍለው ነበር። አልፈለግንም። ደግሞስ 91 ግራም ብሌድ የተበላሸ ዕቃ ነው እንዴ? ባላንሱ ወደ እጀታው የሚያደላ ከሆነና ለስላሳ ጎማ ከተለጠፈበት፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ብሎክ ለሚያደርግ፣ ማለትም የመጣበትን ኳስ ገትቶ ለሚመልስ ሰው ከእሱ የሚሻል የለም። ይህን የምለው ልሸጠው ፈልጌ ብቻ አይደለም፣ እኔም የምጫወተው በከባድ ብሌድ ነው።

ከእንግዲህ የምንሠራው እንዲህ ነው። ስታዙ የምትለጥፉትን ጎማና የስፖንጁን ውፍረት፣ የእጀታውን ቅርጽ፣ አጨዋወታችሁንና አሁን የያዛችሁት ራኬት ጎማውን ጨምሮ ስንት እንደሚመዝን ንገሩን። ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብላችሁ ምረጡ፤ እስከ 85፣ ከ86 እስከ 90፣ 91ና ከዚያ በላይ ማለታችን ነው። በዚያ ውስጥ የሚስማማችሁን እኔ ራሴ በእጄ ይዤ፣ ኳስ አንጥሬ እመርጣለሁ። ክብደቱንና ባላንሱ ያረፈበትን ቦታ ሣጥኑ ላይ እጽፋለሁ። ጎማ ካልለጠፋችሁበት መልሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ከተለጠፈ በኋላ ግን አንቀበልም፤ ጎማው ሲነሳ የእንጨቱን ስንጣሪ ይዞ ሊወጣ ስለሚችል ለሌላ ሰው አዲስ ነው ብለን መስጠት አንችልም።

በእጃችሁ ያለው ራኬት ከበዳችሁ ወዲያው ብሌድ አትግዙ። መጀመሪያ የባክሃንዱን ጎማ ቀጠን ባለ ስፖንጅ ቀይሩት። ጭንቅላቱ ከጎተታችሁ እጀታው ላይ የመያዣ ጥቅልል ጠቅልሉበት፤ ጠቅላላው ክብደት ይጨምራል፣ እጃችሁ ግን ይቀለዋል። ሕጉም ለራኬት ክብደት ገደብ የለውም። ይህን ምክር በመስጠታችን ሽያጭ እንደሚቀርብን እናውቃለን፤ ድሮም የምንመክራችሁ እንዲሁ ነበር።

ከማስታወቂያው በፊት ግራም ጠቅሳችሁ ያዘዛችሁ፣ ትእዛዛችሁ እንዳለ ይፈጸማል። ወደ ሱቁ የምትመጡ ደግሞ እንደ ድሮው ሣጥኖቹን አስከፍታችሁ፣ ይዛችሁ መምረጥ ትችላላችሁ፤ በዚያ ላይ ምንም አልተለወጠም። የተቆጣችሁብን ሌላ ቦታ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉልን፣ ስለ አጨዋወታችሁ እናውራ። ይህ ሱቅ የቆመው በእናንተ ነው፤ አንዳችሁም በዚህ ምክንያት እንድትሄዱብን አልፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት