ይድረስ ለጋሼ፦ በመዋጮ ስለቆመው አናንዳ ኮሌጅ

ኮሎምቦ፣ ስሪላንካ

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በአገሬው መዋጮ ልታሠሩት ላሰባችሁት ትምህርት ቤት ይጠቅማል ብለው ስለ አናንዳ ኮሌጅ ስለጠየቁኝ የማውቀውን እነሆ። ስሙ ኮሌጅ ይባል እንጂ ማራዳና በሚባለው ሰፈር ያለ፣ ከ1ኛ እስከ 13ኛ ክፍል የሚያስተምር የወንዶች የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ደህና የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚገኘው በአመዛኙ ከሚሲዮኖች ነበር። ልጁ ተምሮ ቢሮ እንዲገባለት የሚመኝ ቡድሂስት ወላጅ፣ ልጁን ለሌላ ሃይማኖት ትምህርት አሳልፎ መስጠት ግድ ይሆንበታል። በ1880 አሜሪካዊው ኮሎኔል ሄንሪ ኦልኮት መጥቶ ከአገሬው መነኮሳትና ነጋዴዎች ጋር የቡድሂስቶችን ሃይማኖትና ትምህርት የሚያግዝ፣ የቡድሂስት ቴዎሶፊካል ማኅበር የተባለ ማኅበር አቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት በበሬ በሚጎተት ጋሪ መንደር ለመንደር እየዞረ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ ለመነ። የማኅበሩ ትምህርት ቤትም ኖቬምበር 1 ቀን 1886 በገበያው ሰፈር በፔታ፣ ማሊባን ጎዳና ላይ ባለ ቤት ውስጥ በ37 ተማሪዎች ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ርእሰ መምህር እንግሊዛዊው ቻርልስ ሌድቢተር ነበር። ቦታው ቶሎ ስለጠበበ እዚያው ጎዳና ላይ ወደሚሰፋ ቤት ተዛወሩ፤ በ1895 ደግሞ ዛሬ ወዳለበት ወደ ማራዳና ሄደው የአሁኑን ስሙን አወጡለት።

እናንተን በብርቱ የሚመለከተው የድጎማው ነገር ነው። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ድጎማ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን በ1890ዎቹ ከነባር ትምህርት ቤት ሩብ ማይል፣ ማለትም 400 ሜትር ያህል ካልራቀ ለአዲስ ትምህርት ቤት ድጎማ አይከፈልም የሚል ደንብ ወጣ። ሲያዩት ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን ሚሲዮኖቹ ከተሞቹን ቀድመው ይዘዋቸው ስለነበር ደንቡ የሚዘጋው ኋላ የመጡትን ቡድሂስቶች ነበር። ድጎማ ያጣ ትምህርት ቤት የመምህራኑ ደመወዝ ወር በወር ከሕዝቡ ኪስ መውጣት አለበት። ስለዚህ ጋሼ፣ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት የቦታውን ደንብ በጽሑፍ እጃችሁ አስገቡ፤ ለግድግዳና ለቆርቆሮ የሚዋጣውን ለደመወዝ ከሚዋጣው ለዩት። ቤት አንዴ ይሠራል፣ ደመወዝ ግን አያቋርጥም።

ተማሪው ሲበዛ ርእሰ መምህሩ ኩላራትኔ በ1925 ናላንዳ የተባለውን ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በኋላ ራሱን ችሎ ዋነኛ ተቀናቃኝ ሆነ። የሁለቱ የክሪኬት ግጥሚያ ዛሬም የከተማው ትልቅ የተማሪዎች በዓል ነው።

በ1960 እና በ1961 በወጡ ሕጎች መንግሥት ድጎማ የሚቀበሉትን ትምህርት ቤቶች ወሰደ። ድጎማውንም የተማሪ ክፍያውንም ትቶ በራሱ ለመቆም የወሰነ ትምህርት ቤት ይችል ነበር፤ ይህን የመረጡት በአብዛኛው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አናንዳ በ1961 የመንግሥት ሆነ። ደመወዙ ከሕዝቡ ትከሻ ወረደ፣ ልጆችን የመምረጥ ሥልጣኑም አብሮ ሄደ። እኔ ይህን ኪሳራ ብቻ አድርጌ አላየውም፤ ግን ስታስረክቡ ምን እንደምትሰጡ አውቃችሁ ይሁን።

ዛሬ 1ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ የሚመረጠው ትምህርት ሚኒስቴር በሚያወጣው መመሪያ ነው። ለዓመታት በሠራበት ድልድል 50 በመቶው ቦታ ለቅርብ ነዋሪዎች፣ 25 በመቶው ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆች፣ 15 በመቶው እዚያው የሚማር ወንድም ላላቸው ሲሆን፣ የቀረው ለትምህርት ሠራተኞች፣ ለተዛወሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ከውጭ ለተመለሱ ነው። ብዙ ወላጅ የሚሰናከለው በቅርብ ነዋሪነቱ ላይ ነው። በመራጮች መዝገብ ላይ የአምስት ዓመት ስም ይጠየቃል፤ ከቤቱ እስከ አናንዳ ባለው ርቀት ውስጥ ልጁን ሊቀበል የሚችል ሌላ ትምህርት ቤት ካለ ደግሞ ነጥብ ይቀነሳል። ቤት ቅርብ ሆኖም ልጁ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የተማሪው ውሎ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ከትምህርት በፊት ቡድሂስቶቹ አምስቱን የሥነ ምግባር ቃል ኪዳኖች በፓሊ ቋንቋ በዜማ ይላሉ፦ ላለመግደል፣ ላለመስረቅ፣ ላለማመንዘር፣ ላለመዋሸት፣ ላለመስከር። ትንንሾቹ ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ቁምጣ፣ ትልልቆቹ ነጭ ሱሪ ይለብሳሉ፤ መጻሕፍትና የደንብ ልብስ ጨርቅ መንግሥት በነፃ ይሰጣል። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን በአገሪቱ ሁሉ ዝግ ነው። 5ኛ ክፍል ላይ የስኮላርሺፕ ፈተና፣ 11ኛ እና 13ኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና አለ። የ13ኛው ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ስለሆነ ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ወደ ማስጠኛ ይሮጣሉ፤ ትምህርቱ ነፃ ቢሆንም የወላጅን ኪስ የሚያራቁተው ማስጠኛው ነው።

ቦታው ከየትኛው ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅና ወረዳው ደመወዙን ከመቼ ጀምሮ እንደሚረከብ በሚቀጥለው ደብዳቤ ይጻፉልኝ። እትዬንና ልጆቹን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ