ማጣበቂያው ሳይደርቅ ስለሚጨፍሩ ፍቅረኞች

ክቡር አዘጋጅ፦

በቤት እድሳት የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ዙሪያ ስለሚያጠነጥኑ የፍቅር ኮሜዲ ልብወለዶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ሂስ አነበብኩት። ሐያሲው መጻሕፍቱን የናቁበት ዋና ምክንያት መጨረሻቸው አስቀድሞ መታወቁ ነው፤ ቤቱ ያምራል፣ ሁለቱ ይዋደዳሉ፣ አለቀ። ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር አይገባኝም። የፍቅር ኮሜዲ የሚያነብ ሰው መጨረሻውን አውቆ ነው የሚገባበት። ሠርግ የተጠራ እንግዳ ሙሽሮቹ ይጋቡ ይሆን ወይ ብሎ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም።

እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሴራሚክ በማንጠፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሥራው እጅን እንጂ ጆሮን ስለማይዝ፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በስልክ የምዋሳቸውን የድምፅ መጻሕፍት እያዳመጥኩ እውላለሁ። ከነዚህ ልብወለዶችም ጥቂት የማይባሉትን ሰምቻለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እኔም በመጻሕፍቱ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ግን ከመጨረሻቸው ጋር ጠብ የለኝም፤ የከፋኝ መሃላቸው ነው።

በአሜሪካ የቤት እድሳት ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1979 ቦስተን ላይ በ«ዚስ ኦልድ ሃውስ» ሲጀምር ትዕግሥተኛ ነበር። አንድ ያረጀ ቤት ይዘው በየሳምንቱ እየተመለሱ፣ ጣሪያው እንዴት እንደሚጠገን፣ ቱቦው እንዴት እንደሚቀየር ያሳዩ ነበር። በ1994 መጨረሻ የቤትና የጓሮ ነገር ብቻ የሚያሳየው ጣቢያ ኤችጂቲቪ ስርጭት ጀመረ፤ ዓመታት ሲያልፉ አንድ ቤት በአንድ ክፍል ፈርሶ፣ ተሠርቶ፣ ተመርቆ ማለቅ ያዘ። ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2003 የጀመረው «ኤክስትሪም ሜክኦቨር፦ ሆም ኤዲሽን» ደግሞ ሙሉ ቤት በሰባት ቀን አስረከበ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ቀንና ሌሊት ሲረባረብ ይቻላል። ተመልካቹ ግን በአእምሮው የያዘው ሰባት ቀኑን ነው፤ የተረባረበውን ሰው ረስቶታል።

ከዚያ ባልና ሚስት አቅራቢዎች መጡ፤ ልብወለዱም የተወለደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2013 ሁለት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ጀመሩ፦ ከዌኮ፣ ቴክሳስ «ፊክሰር አፐር»፣ ከካሊፎርኒያ «ፍሊፕ ኦር ፍሎፕ»። የሁለተኛው ጥንዶች በ2016 ተለያዩ፣ በኋላም ተፋቱ፤ ፕሮግራሙ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ እስከ 2022 ዘለቀ። ለኮሜዲ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል? ተለያይተው እንኳ አብረው ግድግዳ የሚያፈርሱ ሁለት ሰዎች! ስለዚህ ለካሜራ ሲሉ የሚዋደዱ የሚመስሉ የውሸት ፍቅረኞች ታሪክ በነዚህ መጻሕፍት መብዛቱን ሐያሲው እንደ ሐሳብ ድርቀት ቢያዩትም፣ እኔ ቴሌቪዥኑን በደንብ ከማየት የመጣ ነው እላለሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቴሌቪዥን ቆርጦ የሚጥለውን ጊዜ ልብወለዱም ቆርጦ ይጥለዋል። የተቆረጠው ጊዜ ደግሞ ሠራተኛውን ይዞ ነው የሚሄደው።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥመኝን ትዕይንት ልንገራችሁ። ጀግናዋ ማታ ላይ ሴራሚክ ታነጥፋለች፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሁለቱ በባዶ እግራቸው እየጨፈሩበት ይሳሳማሉ። ክቡር አዘጋጅ፣ ማጣበቂያው አንድ ቀን ያህል ሳይደርቅ የተረገጠ ሴራሚክ ይንሸራተታል። የአንዱ ጥግ ይሰምጣል፣ የጎረቤቱ ጠርዝ ብቅ ይላል፣ መስመሩ ይጣመማል። በማግስቱ ውሃ ልክ ስታስቀምጡበት አረፋው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ያን ወለል በመሮ የሚነቅለው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ጉልበቱንም ያመዋል።

የማፍረሱ ቀን ደግሞ ይባስ። ጀግናው ሸሚዙን አውልቆ ትልቁን መዶሻ ያነሳል፣ አቧራው ይቦናል፣ እሷ ፀጉሩ ላይ ያረፈውን ነጭ ዱቄት በጣቷ ታራግፍለታለች። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ያ ነጭ ዱቄት የሊድ መርዝ ያለበት የቀለም ብናኝ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በእንዲህ ያለ ቤት የሚሠራ ኮንትራክተር የሠለጠነና ፈቃድ ያለው እንዲሆን፣ ወለሉን በፕላስቲክ እንዲሸፍንና አቧራውን እንዲቆጣጠር ያስገድዳል። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በ2018 የ«ፊክሰር አፐር» አቅራቢዎች ኩባንያ ማግኖሊያ ሆምስ በዚሁ ጉዳይ 40 ሺህ ዶላር ቅጣት ለመክፈልና ዌኮ ውስጥ ሊድ ለማስወገድ 160 ሺህ ዶላር ለማውጣት ተስማምቷል። ኤጀንሲው ማስረጃ ብሎ ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ የፕሮግራሙ የራሱ ቪዲዮ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ደሞዝ እየተከፈለው ፕሮግራሙን እያየ ጥፋት የሚመዘግብ የመንግሥት ሠራተኛ! ከሱ የተሻለ የፍቅር ኮሜዲ ጀግና ከየት ይመጣል? እኔ በሰማኋቸው መጻሕፍት ግን አላገኘሁትም።

ቴሌቪዥን ቢቻኮል አልፈርድበትም። ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያም ላይ ማስታወቂያ ይቀነሳል። ሦስት መቶ ገጽ ያለው ደራሲ ግን ምን አስቸኮለው? በኛ ሥራ ሰው ከሰው የሚግባባው እየጠበቀ ነው። በጂፕሰም ቦርዱ መገጣጠሚያ ላይ ስቱኮ ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ዝናብ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል። ያኔ ባልዲ ገልብጦ መቀመጥ ነው። ሳልቫዶራዊው ባልደረባችን ፑፑሳውን፣ ያገሩን የታሸገ ቂጣ፣ ይፈታል፣ እኛ ፍርፍራችንን እናወጣለን፣ ወሬው ይጀመራል፤ ማን አገር ቤት ስንት እንደላከ፣ የማን ልጅ ኮሌጅ እንደገባ። አንድ የማውቀው ቀለም ቀቢ ሚስቱን ያገኛት በሥራ ቦታ ነው። የቤቱ ባለቤት እህት ሥራውን የሚፈትሸውን ኢንስፔክተር ልትጠብቅ መጣች፤ ኢንስፔክተሩ ቀረ፤ በማግስቱም መጣች፤ በማግስቱም ቀረ። ሥራው እስኪያልቅ ስለ ኢንስፔክተሩ ክፉ ተናግረው አያውቁም።

ሁሉንም በአንድ ዘንቢል አልጨምርም። ክሪስቲና ሎረን በሚል የብዕር ስም የሚጽፉት ሁለት ሴቶች በ2020 ያሳተሙት «ዘ ሃኒ ዶንት ሊስት» ዓይኑን ከዝነኞቹ ባልና ሚስት ላይ አንስቶ ረዳቶቻቸው ላይ ይተክላል። የንድፉ ሐሳብ የሚፈልቀው ከረዳቷ ነው፤ ስሙን የሚወስዱት አለቆቿ ናቸው። እሷ ደግሞ ሕመም አለባት፤ የጤና ኢንሹራንሱን ላለማጣት ትታገሣለች። ይህን ስሰማ ማንጠፊያዬን አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ። እዚህ አገር ለኢንሹራንስ ሲል የማይወደውን አለቃ የታገሠ ሰው፣ ከናንተ አንባቢዎችም መካከል ብዙ እንዳለ አልጠራጠርም። መጽሐፉ የሚያስቅ ነው፤ ፍቅሩም አለ፤ መጨረሻውም ሐያሲው የማይወዱት ዓይነት ነው። ግን ካሜራው ሲጠፋ ማን ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

እንግዲህ ሐያሲውን አንድ ነገር ልለምናቸው። ቀጣዩን መጽሐፍ ሲያነሱ መጨረሻውን ለአንባቢው ይተዉለትና ቤቱ በስንት ቀን እንዳለቀ ይቁጠሩልን፤ ከጀግናው ሌላ መዶሻ የያዘ ሰው ካለም ደራሲው ስም አውጥቶለት እንደሆነ ይንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሴራሚክ አንጣፊ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ