የአሰብ ሹፌሮች ድምፅ የማን ነው?

ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በግል የምንሠራ የራዲዮ አዘጋጆች ሥራችንን በኢንተርኔት መሸጥ እንድንችል ስለመርዳት

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የምቀዳው ሌሊት ነው። ቀን ቀን የአዳማው ፍጥነት መንገድ የመኪና ድምፅ ከመስኮቴ አይጠፋም፤ ማታ የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ግን ጸጥ ይላል። ያኔ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ፣ በተሰቀለው ልብስ መሀል ማይኬን አቁሜ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነባለሁ። ልብስ ድምፅ ይውጣል፤ ክፍሉ አያስተጋባም። መብራት ከሄደ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ እሠራለሁ።

በዚህ መንገድ ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው ስለ አሰብ መንገድ ሹፌሮች ያዘጋጀሁትን ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ የአገራችን ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ነበር። ያን መንገድ የነዱ ሰዎች አሁን አርጅተዋል። ቃሊቲ፣ ገላን፣ ዱከም እየዞርኩ ስምንቱን አገኘሁ። አንድ አባት ስለ አፋር በረሃ ሙቀት ሲያወሩኝ ድንገት ዝም አሉ። ረዳታቸው የሞተበት ቦታ ትዝ ብሏቸው ነው። ያንን ዝምታ አልቆረጥኩትም። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ለራዲዮ ረጅም ነው፤ እኔ ግን ከፕሮግራሙ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

አራት ክፍል ወጣው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት። የአየር ሰዓቱን የገዛሁት ራሴ ነኝ። ስፖንሰር ፍለጋ ስንት ቢሮ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ የተገኘው ለአየር ሰዓቱ በቃ እንጂ ለትራንስፖርቴ እንኳ አልተረፈም። እሑድ ማታ፣ ለአራት ሳምንት ተላለፈ። በቃ። የአምስት ወር ልፋት አንድ ጊዜ ተሰማና ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገባ። የተባባሪ አዘጋጅ ኑሮ ይኸው ነው፤ ስፖንሰሩ ሲሄድ ፕሮግራሙም አብሮ ይሄዳል።

ሌላ ጣቢያ ፕሮግራሙን ገዝቶ ሊያስተላልፍ ፈልጎ ነበር። ዋጋም ተነጋግረናል። መጀመሪያ ያስተላለፈው ጣቢያ ግን «እኛ ጋ የተላለፈ የእኛ ነው» አለ። ውሌን አውጥቼ አነበብኩ። ስለ ክፍያ ቀን ይላል፣ ስለ ማስታወቂያ ደቂቃ ይላል። ሥራው የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር የለውም። ገዢው ጣጣ ፈርቶ ተወው። ከጥቂት ወራት በኋላ ክፍል ሁለትን አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ አገኘሁት። ስሜ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የማላውቀው ማስታወቂያ ገብቶበታል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ዝም ያሉት አባት ዐረፉ። ልጃቸው ከውጭ አገር ደወለችልኝ። «እህቴ፣ የአባዬን ድምፅ የት ነው የምገዛው?» አለችኝ። የሚገዛበት ቦታ የለም። እኔው ላክሁላት፤ ከእሷ ገንዘብ መቀበልም አልፈለግሁም። ጥያቄዋ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። የሌሎቹ ሹፌሮች ቤተሰብስ? አባቱ ወይም አጎቱ በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉስ?

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድምፁን ቀርጾ ላዘጋጀው ሰው የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ለብሮድካስት ድርጅቱ ደግሞ ለስርጭቱ 20 ዓመት። ሁለቱ የተለያዩ መብቶች ናቸው። «እኛ ጋ የተላለፈ የእኛ ነው» የሚለው ንግግር ሲመጣ ግን አዘጋጁ በእጁ የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል። የጎደለን እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፒአርኤክስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ለዚህ የሚሆን የኢንተርኔት ገበያ ከፈተ። በግሉ የሚሠራ አዘጋጅ ሥራውን ይጭናል፤ ጣቢያዎች ሰምተው የማስተላለፍ ፈቃድ ይገዛሉ። ሥራው ግን የአዘጋጁ እንደሆነ ይቀጥላል። እኛም ከዜሮ አንነሳም። በ2011 ዓ.ም. የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ አውታር በተባለው የሙዚቃ መተግበሪያ አንድን ዘፈን በስልክ መግዛት እንደሚቻል አሳይተውናል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር አለ። ጥቂት ብር ከፍሎ አንድ ክፍል መግዛት አሁን ቀላል ነው። ሻጩ ባለቤት መሆኑን የሚያረጋግጥ ከሌለ ግን ማንም ደፍሮ ሱቁን አይከፍትም።

የምለምናችሁ ይህንን ነው። ከመገናኛ ብዙኃን ባለስልጣን ጋር ተቀምጣችሁ ለአየር ሰዓት ገዢዎች የሚሆን የአንድ ገጽ ናሙና ውል አውጡልን። ጣቢያው ስንት ጊዜ እንደሚያስተላልፍና ከዚያ በኋላ ሥራው የማን እንደሆነ በግልጽ የሚጽፍ ይሁን። የድምፅ ሥራ በኢንተርኔት ተልኮ የሚመዘገብበትን መንገድ አመቻቹልን፤ ከክፍለ ሀገርም ከከተማ ዳርም ላለነው ትልቅ እፎይታ ነው። መዝገቡ የተናጋሪዎቹን ፈቃድም ይጠይቅ። እኔ በበኩሌ ከሽያጩ ለሹፌሮቹ ድርሻ ሊኖር ይገባል እላለሁ፤ ታሪኩ የእነሱ ነው። የቅጂ መብት አዋጁን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 በተፈቀደው፣ የባለመብቶችን ክፍያ በጋራ በሚሰበስበው የጋራ አስተዳደር ማኅበር ውስጥ የራዲዮ አዘጋጆች በየት በኩል እንደምንገባም በጽሑፍ አሳውቁን።

ለመጀመሪያ ሙከራ የሚሆን ሥራ ካስፈለጋችሁ አራቱም ክፍል በፍላሽ ተዘጋጅቷል። የስምንቱ ሹፌሮች የፈቃድ ፊርማም በእጄ አለ፤ የዐረፉት አባት ጭምር። ቀጠሮ ስጡኝ፣ በጠዋቱ ታክሲ ተነስቼ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የራዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ
ከቱሉ ዲምቱ