ለጸሎት ኅብረታችን አባላት፦ ስለ ጭንቀት

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሰሞኑን የላካችኋቸውን የጸሎት ርእሶች ሳነብ አብዛኞቹ ገና ስላልደረሰ ነገር መሆናቸውን አስተዋልሁ፦ ያልወጣ የምርመራ ውጤት፣ ያልተሰማ የሥራ መልስ፣ የልጆች ነገ። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ፤ ሌሊት ነቅቼ ያልመጣ መከራ ስቆጥር የማነጋ ሰው።

ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ምእመናን «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። ቃሉን ግን እንደ ተግሣጽ እርስ በርሳችን እንወራወርበታለን፤ ይህ ያሳዝነኛል። እዚያው ምዕራፍ 4 ቁጥር 6 ላይ ልመናችሁን «አስታውቁ» ይላል። የሚያስታውቅ ሰው ነገሩን በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ሰላም ከመለመናችን በፊት ምን እንደ ፈራን ሳንሸፋፍን ለእግዚአብሔር እንንገረው።

መካኗ ሐና ልጅ እንዲሰጣት እየለመነች በእግዚአብሔር ፊት ነፍሷን ስታፈስስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት ለተመልካች አያምርም። ከዚያ በኋላ ግን ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከእንግዲህ ያዘነ አልሆነም። ልብ በሉ፣ የለመነችው ልጅ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም!

እንቅልፍና ምግብ እስከ መከልከል የደረሰ ጭንቀት ያለበት ሐኪም ያማክር። ይህን እንደ እምነት ጉድለት የሚቆጥር ካለ፣ ጳውሎስ ራሱ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መምከሩን ያስታውስ።

እስከሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን አንድ ፍርሃት ብቻ በወረቀት ላይ ጽፈን በየምሽቱ እንጸልይበት። ወረቀቱን ለማንም ማሳየት አያስፈልግም።