የኤሌክትሪክ ፍተሻና ሙከራ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ክበባችን የተቋቋመው በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓላማው በሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ የሚሠለጥኑ ተማሪዎቻችን በተለምዶ ሲኦሲ እየተባለ ለሚጠራው የሙያ ብቃት ምዘና በተለይ በፍተሻና በሙከራ ረገድ ተዘጋጅተው እንዲቀርቡ ማድረግ ነበር። ሽቦ መሳብ፣ ቱቦ መቅበር፣ ብሬከር መግጠም ልጆቻችንን አያስቸግራቸውም፤ ብዙዎቹ ክረምቱን ከዘመድ ጋር በየግንባታው እየዋሉ እጃቸውን ያፍታቱ ናቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ ተከላውን አንድ በአንድ መርምሮ፣ ለክቶ፣ የተገኘውን በቅጽ ላይ አስፍሮ «ኃይል ሊለቀቅበት ይችላል» ብሎ መፈረም ግን ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ባለፉት ዓመታት ተማሪዎቻችን ሲደናቀፉ ያየሁትም እዚህ ላይ ነው።

አባላቱ 16 ነበሩ፤ ከእነርሱም 5ቱ ሴቶች ናቸው። የተሰበሰብነው ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ በሚገኘው ግቢያችን በአሮጌው ወርክሾፕ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ሜገሩን (የሽቦ ሽፋን ጅረት አለማሳለፉን የሚለካውን መሣሪያ) ከሳጥኑ ሳናወጣ ማሳለፋችን በአባላቱ ዘንድ ቅሬታ አስነሥቶ እንደነበር አልሸሽግም። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የአይኢሲ 60364 መስፈርት 6ኛ ክፍል በዓይን የሚደረገው ምርመራ ከመሣሪያ ሙከራ እንዲቀድም ያዛል፤ ምክንያቱም የተሰነጠቀ ሶኬት፣ የተላጠ ሽቦ፣ ከሚጠብቀው ሽቦ አቅም በላይ የሆነ ብሬከር በማንኛውም መለኪያ ላይ ቁጥር ሆኖ ላይታይ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ የሙከራዎቹን ቅደም ተከተል ያዝን፤ ኃይል ሳይለቀቅ የመከላከያ ሽቦ (ግራውንድ) ኮንቲኒዩቲ ማለትም አለመቋረጡ፣ የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ ማለትም የሽፋኑ ጅረትን የመከልከል አቅምና ፖላሪቲ ማለትም ሽቦዎቹ በየቦታቸው መታሰራቸው፣ ኃይል ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የሉፕ ኢምፒዳንስ ማለትም ብልሽት ሲኖር ጅረቱ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ተቃውሞ፣ የአርሲዲ ማለትም ጅረት ሲያፈተልክ ኃይል የሚቆርጠው መሣሪያና የአሠራር ሙከራ። ቅደም ተከተሉን ተማሪዎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ሊይዙት ይችላሉ፤ እኔ የጠየቅኋቸው ግን ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ነበር። የመከላከያ ሽቦው ያልተቋረጠ መሆኑ ሳይረጋገጥ ኃይል የለቀቀ ሰው፣ ብልሽት ቢኖር የምድጃው አካል ኃይል ተሸክሞ እንዲቆይ ፈቅዷል ማለት ነው።

በክበቡ አንድ ሕግ ብቻ ያለ ምንም ማመንታት ጸንቷል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ሽቦ መንካት ክልክል ነው፤ የቮልቴጅ መፈተሻው መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞከራል፣ ቀጥሎ በሚሠራበት ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ መስመር) ላይ፣ በመጨረሻም እንደገና በዚያው በሚታወቀው ሶኬት ላይ ይሞከራል። ሦስተኛው ሙከራ ለብዙዎች ትርፍ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን መፈተሻው በመካከል ባትሪው ቢያልቅ ወይም ገመዱ ቢበጠስ «ኃይል የለም» ብሎ የሚመሰክረው ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። በየኪሳችን የምትገኘው፣ በርታ ጠፍታ የምትነግረን የካቻቢቴ ቴስተር ለዚህ ሥራ እንዳትወጣ ከልክያለሁ።

ለጽሑፍ ፈተናው ልጆቹ በስልካቸው ያወረዷቸውን የውጭ አገር ጥያቄዎች ይዘው ይመጡ ነበር። አብዛኞቹ ሲቲ ኤንድ ጊልድስ 2391 ተብሎ ለሚታወቀው የእንግሊዝ የፍተሻና ሙከራ ፈተና የተዘጋጁ ናቸው፤ ጥሩ ጥያቄዎች ቢሆኑም በቀለበት መልክ ስለሚዘረጋው የእንግሊዞች የሶኬት ሰርኪዩት ብዙ ይጠይቃሉ፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ተማሪዎቻችን የሚያገኙት በአብዛኛው ያንን አይደለም። ሁለት ቅዳሜ ካጠፋንበት በኋላ ወደ ጎን ትተን፣ በአገራችን ደንብ ማለትም በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ኢቢሲኤስ 10 በተባለው የሕንፃዎች ኤሌክትሪክ ተከላ ደንብ ላይ አተኮርን። የሽቦ ቀለምን በተመለከተ ግን የውጭዎቹ ጥያቄዎች ጠቅመውናል። በቀድሞው የእንግሊዝ አሠራር ጥቁር ኒውትራል (ጅረቱ የሚመለስበት ሽቦ)፣ ሰማያዊ ደግሞ አንዱ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ነበር፤ በአሁኑ አሠራር ሰማያዊ ኒውትራል፣ ጥቁር ፌዝ ሆኗል። ሁለቱም በአንድ አሮጌ ቤት ሊገናኙ ስለሚችሉ በቀለም ማመን አደገኛ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ተነጋገርን።

ስሌት ላይ ብዙዎችን ያሳሳተው ጥያቄ ቀላል ነበር። አራት ሰርኪዩቶች በየራሳቸው ሲለኩ የኢንሱሌሽን ሬዚስታንሳቸው 20፣ 10፣ 5 እና 4 ሜጋኦም ቢሆን አንድ ላይ ሲለኩ ስንት ይነበባል? ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አማካዩን ወስደው 9.75 ብለው መለሱ። ሰርኪዩቶቹ በትይዩ የተያያዙ በመሆናቸው ግን መልሱ 1.67 ሜጋኦም ገደማ ነው፤ ከትንሹም ያንሳል። በ500 ቮልት ዲሲ ሲለካ ዝቅተኛው ወሰን 1 ሜጋኦም ስለሆነ ተከላው ያልፋል፤ ነገር ግን አራቱም በየራሳቸው መልካም የሆኑ ሰርኪዩቶች ተደምረው ወደ ወሰኑ እንዴት እንደሚጠጉ ማየታቸው በቂ ትምህርት ነበር። በዚሁ ሰሞን ከሰርኪዩቱ መነቀል የነበረበትን አንድ የኤልኢዲ መብራት ረስተን በ500 ቮልት አቃጥለናል፤ ዋጋውን እኔ ሸፍኛለሁ።

የሽቦ ሬዚስታንስ ሠንጠረዥ ማንበብ ምን እንደሚጠቅም ያሳየን ራሱ የገዛነው ሽቦ ነው። ለልምምድ ሰሌዳችን 2.5 ካሬ (የመዳቡ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር) ተብሎ የተሸጠልንን ሽቦ 28 ሜትር ዘርግተን የፌዙንና የመከላከያውን ድምር ሬዚስታንስ ስንለካ 0.68 ኦም አገኘን። የ2.5 ካሬ መዳብ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሜትር 7.41 ሚሊኦም ስለሆነ፣ ሁለቱ ሽቦዎች በ28 ሜትር 0.41 ኦም ገደማ ሊያሳዩ ይገባ ነበር። ጠዋት የነበረው የአዲስ አበባ አየር ከሠንጠረዡ ሙቀት ብዙም ስለማይርቅ ሰበብ ሊሆነን አልቻለም። የመለኪያውን ገመዶች እንደገና ዜሮ አድርገን፣ ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቀን ለካን፤ አሁንም 0.68። በመጨረሻ አንድ ተማሪ በሠንጠረዡ ላይ የ1.5 ካሬውን መስመር በጣቱ ተከትሎ 12.1 ሚሊኦምን በሁለት፣ ከዚያም በ28 አባዝቶ 0.678 ሲያገኝ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሽቦው 1.5 ነበር። ላስቲኩ ወፍራም፣ ጽሑፉ 2.5፣ መዳቡ ግን ቀጭን። ሻጩ ዘንድ ተመልሰን አልተሳካልንም፤ ሽቦው አሁን በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ከልኬቱ ጋር ተሰቅሏል።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ በላጩ ግን በመጋቢት ወር የሠራተኞች ሻይ ክፍል ላይ ያደረግነው ፍተሻ ነው። የክፍሉ ኃላፊ እትዬ፣ ማንቆርቆሪያው አንዳንዴ እንደሚነዝራቸው ለአንዲት አባላችን ነግረዋት ነበር። «እኔኮ ጫማዬ ቀዳዳ ሆኖ መስሎኝ ነበር» አሉ፤ ላስቲክ ጫማ ሲያደርጉ ስለሚተዋቸው። ሦስት ሶኬቶችን ለመፈተሽ ፈቃድ ተጠይቆ ተገኘ። ሁለቱ ወንዶች ልጆች በሦስት መብራት የሚሠራውን የሶኬት መፈተሻ ሰክተው ትክክል መሆኑን የሚያሳዩት መብራቶች ስለበሩላቸው ቅጹ ላይ «ግራውንድ፦ አለ» ብለው ጻፉ። የሉፕ መለኪያውም መልካም ቁጥር ሰጠ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

ያቺው እትዬን ያነጋገረችው ተማሪ ግን የዓይን ምርመራ ሳይጠናቀቅ ወደ ሙከራ መሄዳቸውን አስታውሳ፣ ኃይሉ ተቋርጦ እንዲረጋገጥ አድርጋ፣ የመጀመሪያውን ሶኬት ክዳን በካቻቢቴ ፈታችው። ከግድግዳው የወጡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። በሶኬቱ ጀርባ፣ ከኒውትራሉ ብሎን ወደ ግራውንዱ ብሎን፣ ከክብሪት እንጨት የማይረዝም ቁራጭ ሽቦ ታስሯል፤ ቀለሙም ቢጫና አረንጓዴ ነው። ይህን ያሠረ ሰው የቀለም ሕግን ያውቅ እንደነበር ልብ ይሏል።

ሁሉም መፈተሻዎች ለምን እንደዋሹ ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ ሣልነው። መፈተሻው የሚያየው በፌዙና በግራውንዱ ቀዳዳ መካከል 220 ቮልት መኖሩን ነው፤ ግራውንዱ ከኒውትራል ጋር በሶኬቱ ውስጥ ከታሰረ ያንኑ 220 ያያል። የሉፕ መለኪያም በኒውትራሉ በኩል ስለሚመለስ ዝቅተኛና ያማረ ቁጥር ይሰጣል። እውነቱን የሚያወጣው ኃይል ተቋርጦ፣ ኒውትራሉ ብሬከሮቹ ካሉበት ቦርድ ተፈትቶ፣ በኒውትራሉና በግራውንዱ መካከል የሚደረገው ልኬት ነው፤ ስናደርገው ሜገሩ ዜሮ አነበበ። ከቦርዱ ወደ ሶኬቱ የሚመጣው ኒውትራል ቢላላ ወይም ቢበጠስ ደግሞ ጅረቱ መመለሻ ስለሚያጣ፣ በማንቆርቆሪያው ማሞቂያ አልፎ በዚያች ቁራጭ ሽቦ ወደ ብረት አካሉ ይመጣል፤ ማንቆርቆሪያው ሳይፈላ እጅ ይጠብቃል። ወደ ቦርዱ ሄደን ስናይ የዚያ መስመር የኒውትራል ብሎን ላልቶ፣ ዙሪያው በሙቀት ጠቁሮ አገኘነው። እትዬን የነዘራቸው ይህ ነው።

ቅጹ ተሠርዞ እንደገና ተጻፈ። የሻይ ክፍሉ መስመር እስኪታደስ ሳምንት ያህል ሻይ በከሰል ተፈላ፤ መምህራኑም ስለ መዘግየቱ ያሰሙትን ወቀሳ እኔ ተቀብያለሁ። ሦስቱ ሶኬቶች ከዋናው የግራውንድ ማሰሪያ በተሳበ አዲስ ሽቦ ተቀይረዋል።

ስለ ቅጽ ከተነሣ አንድ የራሴን ጥፋት ልጨምር። በኅዳር ወር አንድ ቡድን ለስምንት ሰርኪዩቶች ሁሉ «ከ200 ሜጋኦም በላይ» ብሎ ሞልቶ አመጣ፤ ስጠይቃቸው የለኩት ሦስቱን ብቻ ነበር። ልጆቹን ከመቆጣቴ በፊት ለናሙና ያደልኋቸውን ቅጽ አየሁት፤ እኔው ራሴ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በዚያው ቁጥር ሞልቼው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሙና ቅጽ ባዶውን ይታደላል፤ ያልተለካ ሰርኪዩትም «አልተለካም» ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፋል።

የግራውንድ ዘንግ (ግራውንዱን ከአፈር ጋር የሚያገናኘው የተቀበረ ብረት) ልኬት ሌላ ፈተና ሆኖብን ነበር፤ ከዘንጉ 30 ሜትር ርቆ አንድ ካስማ፣ በ18 ሜትር ተኩል ገደማ ደግሞ ሌላ ካስማ መትከል ያስፈልጋል፤ በመሀል አዲስ አበባ ይህን ያህል ያልተነጠፈ አፈር በቀላሉ አይገኝም። የኳስ ሜዳው ዳር አዳነን። በጥር 38 ኦም፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ በሰኔ 21 ኦም ለካን። አፈር ሲረጥብ ሬዚስታንሱ እንደሚቀንስ የሚታወቅ ነው፤ ስለዚህ በመዝገባችን ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ወሩንና የአፈሩን ሁኔታ መጻፍ ጀምረናል።

በግንቦት 14 አባላት ለምዘና ቀረቡ፤ ሁለቱ በቤተሰብ ጉዳይ ወደ ቀጣዩ ዙር ተላልፈዋል። ከቀረቡት 11ዱ «ብቁ» ተብለዋል። ሦስቱ የጽሑፉን አልፈው በተግባሩ «ገና ብቁ አልሆኑም» የሚል ውጤት አግኝተዋል፤ እንደነገሩኝ ሁለቱ ሰዓት አልቆባቸው ነው፣ አንዱ ግን ያንን ሦስተኛውን የመፈተሻ ሙከራ ዘልሎ ነው። የመጨረሻው አሳዝኖኛል፤ ልጁ በክበባችን ሌሎቹን ስለዚሁ ነገር ይቆጣ የነበረ ነው። ሦስቱም ከሐምሌ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ይለማመዳሉ።

ሜገሩና የሉፕ መለኪያው በወርክሾፑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል፤ የሉፕ መለኪያው የካሊብሬሽን (የልኬት ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ጊዜው ስላለፈ ከመስከረም በፊት መላክ አለበት። በሠራተኞች ሕንፃ ያልተፈተሹ 9 ሶኬቶች ይቀራሉ፤ ዝርዝራቸው ከቦርዱ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ ክዳናቸው ተፈትቶ እስኪታይ ድረስም በፊታቸው «አልተለካም» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።